በምንጩ ግድግዳ ላይ ያለው ባለ አንድ ዓይን

አያ ቢምረው የልጅ ልጃቸውን ውድነሽን ቀብረው ከተመለሱ ወዲህ ምንም አይሰማቸውም። እጃቸው እንኳ የሌላ ሰው እጅ ይመስላቸዋል። ልጅቷን የገደላት የምንጩ ውሃ ነው ብሎ የጤና ሠራተኛው ነግሯቸዋል። ምንጩ የሚፈልቀው ከማሳቸው ጥግ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይቀዳበታል፤ ከብቶቻቸውም ገብተው ይጠጡበታል፣ ያደፈርሱታል። "ይታጠር" ሲባሉ፣ "አባቴም ከብቱን ያጠጣው እዚሁ ነው" ብለው እንቢ ሲሉ ኖረዋል። ነገ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ሊጠይቋቸው ነው። ይህንኑ እያሰቡ፣ ገና ሲመሽ፣ መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሕልማቸው ቀሚሷ በሥዕል ቀለም የተዥጎረጎረ፣ ብሩሽ የያዘች ሴት መጥታ እጃቸውን ያዘች።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"ወደ ምንጭዎ፣ አባባ።"

ምንጩን አላወቁትም። ዙሪያው ታጥሯል፤ ውሃው ከተከደነ ጉድጓድ በቧንቧ ይወርዳል፤ ራቅ ብሎ ለከብት ገንዳ ተሠርቷል። በረጅሙ ግድግዳ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያለ ሥዕል ተሥሏል፤ ውሃ ቀጂው ከብቦት አንዲት ሴት በዘንግ እያመለከተች ታስተምራለች።

"ለዚህ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?" ሲሉ ይዛቸው የመጣችውን ሴት ጠየቋት።

"አለ። ውሃ ቀጂ ሁሉ የሚመጣው ግን እዚህ ነው፤ ሥዕል ለማየትም ፊደል መቁጠር አያሻም።"

አያ ቢምረው ቀረብ አሉ። የተሣሉት ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያያሉ። በሬዎቹን ይዞ ምንጩ ውስጥ የቆመው ሽማግሌ ብቻ በጎን ተሥሏል፤ ያለው አንድ ዓይን ነው። ሠዓሊ በአንድ ዓይን የሚሥለው ክፉውን መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ከበሬዎቹ እግር ሥር የተነሣው ድፍርስ ውሃ ወርዶ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጣሳ ይገባል። ልጅቷ ውድነሽ ናት።

"አያ ቢምረው!" አለ ከኋላ አንድ ውሃ ቀጂ፣ "ሁለተኛውን ዓይንዎን ለበሬዎ አበደሩት እንዴ?"

ሰው ሳቀ። እርሳቸው አላፈሩም፣ አልተቆጡም።

"ዓይኑን ጨምሪለት፣ ልጄ" አሏት ወደ ባለ ብሩሿ ዞረው።

"ግድግዳው እኮ ገና አልተሠራም፣ አባባ። መሬቱም የእርስዎ ነው።"

ሲነቁ ነግቷል። ልጃቸው አንጓች በር ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ ከብቶቹን ወደ ምንጩ ላውርዳቸው?"

"ወደ ወንዙ ንጂያቸው።"

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደው ያዩትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ከዚያም፣ "እጠሩት" አሉ፤ "ግድግዳም ሥሩበት። የምትሥለዋ ስትመጣ ግን ለእኔ ብላችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ በአንድ ዓይን ትሣለኝ። የሚቀዳ ሁሉ ይየኝ።"