የትምህርት ቤቱ በር

አቶ ግርማ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍራሹን ያራግፋሉ፤ ሁለቱን ትራሶች ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ አንደኛው ጋ ደገፍ ብለው ሌላውን ያያሉ። እንዲህ መሆን ከጀመሩ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ባዶው ትራስ የአቶ ጀማል ነበር። አቶ ጀማል ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ ጫታቸውን ይዘው ከተማው ውስጥ አቦከር ሰፈር ወዳለው የአቶ ግርማ ቤት ይመጡና በርጫው ሲሞቅ ክርክሩ ይጀመር ነበር። ሌላው ሰው ስለ ኳስ ይከራከራል፤ እነሱ ግን የትኛው ፓርቲ የት ጠነከረ፣ የት ሳሳ እያሉ ይሟገቱ ነበር። አቶ ግርማ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ማስረጃ ይወዳሉ። በየምርጫው ማግስት በየጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት እየዞሩ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። በአቶ ጀማል መንደር፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሁለት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፈው የፋኖስ ምልክት የነበረው ፓርቲ ነው። በሦስተኛው ግን መሰላል አሸነፈ።

አቶ ግርማ ያን ሐሙስ ደብተሩን በሰው ፊት ገለጡት።

«ያ ጀማል! መንደርህ በአንድ ጆንያ ማዳበሪያ ተገለበጠ እኮ!»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ።

«የኔን አገር ሰው በጆንያ ትለካዋለህ?» አሉ አቶ ጀማል። ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሡ። ጫታቸውን እንኳ አላነሡም። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አቶ ግርማን የሚሞግታቸው ሲጠፋ በርጫውም ቀዘቀዘ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮኑ ብቻ ነው።

የአቶ ጀማል ልጅ ረሂማ ኤረር በር ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። አቶ ግርማ በልተው የማይጨርሱትን ቲማቲም ከእሷ ይገዛሉ።

«አባትሽ ደኅና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚህ አታልፍም። የመራጮች ምዝገባ የተጀመረ ሰሞን ግን፣ እንዲያው ወሬ ለማርዘም፣ «ተመዘገብሽ? መቼም ትምህርት ቤቱ ቅርባችሁ ነው» አሏት።

ረሂማ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ትምህርት ቤቱ ጋ መምረጥ ከተውን ስንት ጊዜያችን! ባለፈውም የመረጥነው ጤና ኬላው ጋ ነው። ትምህርት ቤቱን ለታች ሰፈር ሰዎች ሰጧቸው።»

«ጤና ኬላው ጋ ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ፋኖስ ነዋ፤ እንደ ድሮው።»

አቶ ግርማ ፌስታሉን እንደያዙ ቀሩ። ያነበቡት ያንኑ የድሮውን በር ነው፤ በሩ ግን የሌላ መንደር ሆኗል። ተማሪዎቻቸውን ዕድሜ ልካቸውን «ካርታ ስታነቡ መጀመሪያ ወሰኑን እዩ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

በማግስቱ በባጃጅ ድሬ ጠያራ ወረዱ። አቶ ጀማል ማሽላቸውን ሲኮተኩቱ አገኟቸው።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ አቶ ግርማ፣ ደብተሩን እየዘረጉ። «መንደርህ አልተገለበጠም። የተዛወረው ጣቢያው ነው። ይቅር በለኝ።»

አቶ ጀማል አፈር የነካው እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ እንጂ ደብተሩን አልተቀበሉም።

«መንደሩስ አልተገለበጠም» አሉ። «የተገለበጥኩት እኔ ነኝ። መሰላልን ነው የመረጥኩት፣ ወላሂ።»

«አንተ?»

«እኔ። ልጆቼ እንኳ አያውቁም። ያን ሐሙስ የመጣሁት ላንተ ልነግርህ ነበር። ለምን እንደሆነ ላጫውትህ ነበር። አንተ ደብተርህን ገለጥክ።»

አቶ ግርማ ደብተሩን ከደኑት። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ለሌላው «አንተስ ማንን መረጥክ?» ብሎ አያውቅም። የሚከራከሩት ሁልጊዜ ስለ ቀበሌዎቹ ውጤት ነበር።

«ለምን ነበር?» አሉ አቶ ግርማ።

«አሁን እንዲህ ቆመን አይሆንም።» አቶ ጀማል ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ።

«ሐሙስ ትመጣለህ?»

«ኢንሻአላህ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሐሙስ ደረሰ። አቶ ግርማ ፍራሹን አራገፉ፤ ሁለቱን ትራሶች ፊት ለፊት አስቀመጡ። ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ባጃጅ መጣ፤ አለፈ። ሌላም መጣ፤ እሱም አለፈ።

«ለምን ነበር፣ ጀማል?» አሉ ባዶውን ትራስ እያዩ። ድምፃቸው የፈተና ጥያቄ የሚያነቡ አስመሰላቸው። ዝቅ አድርገው እንደገና ሞከሩት።