የማን እግር ነው?

በታኅሣሥ ወር ወረታ ውስጥ የሚጨፈርበት ወለል ጠፋ።

ቦታማ ሞልቷል። ግን አስፋልቱ ጉልበት ይልጣል። መገንጠያው ላይ ከጎንደር መጥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይበትናል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ደግሞ አፈር ነው፤ አንዴ ሲሽከረከሩበት አቧራው ጨፋሪውን ይውጠዋል። አራቱ ልጆች በአንድ ሳምንት ሰባት ቦታ ቀየሩ። የአማን ባጃጅ ድምፅ ማጉያውን ተሸክማ ትቀድማለች፣ ሦስቱ ይከተላሉ፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ከዚያ አንድ ሰው ወጥቶ ያባርራቸዋል፤ ባለሱቅ፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ያስተኛ ሰው።

ቅዳሜም እየቀረበ ነበር። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ጨፋሪዎች ሊገጥሟቸው መገንጠያው ላይ ተቀጣጥረዋል።

ከተማው ውስጥ አንድ ለስላሳ ሲሚንቶ ብቻ አለ፤ የሩዝ መፈልፈያው ግቢ። ክረምቱን ባዶውን ስለሚከርም እስከ ጥቅምት ድረስ የእነሱ ነበር። አሁን ግን ሩዝ ገብቷል። ከፎገራ ሜዳ የታጨደው ሁሉ በጋሪና በአይሱዙ እየመጣ ከነቅርፊቱ ሲሚንቶው ላይ ለፀሐይ ተዘርግቶ ይሰጣል። በደንብ ሳይደርቅ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ፍሬው ይሰባበራል።

ማክሰኞ ጠዋት ማረው የስጡን ኃላፊ አያ ገበያውን ሊለምናቸው ቆቡን አውልቆ ቆመ። ማረው ሞባይል ይጠግናል፤ ቡድኑን ያቋቋመው እሱ ነው፣ «መገንጠያ» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

«በነቢያት ጾም ጭፈራ?» አሉ አያ ገበያው። «ገና እስኪደርስ መታገሥ አቃታችሁ?»

«እኔ እንኳ የምጾመው ሌላ ነው፣ አያ» አለ አማን።

«አንተንማ ማን ቆጠረህ። ባጃጅህ ስትጮህ የምትውል፣ ጾም የላት ፍስክ የላት።»

ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ዘወር ብለው ስጡን አዩት። ሠራተኞቻቸው አጨዳ ይሻላል ብለው ወደ ገጠር ሄደውባቸዋል።

«ስጥ የሚያገላብጥልኝ ሰው አጥቻለሁ» አሉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አገላብጡልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያ ባዶው ጥግ የእናንተ ነው።»

ስጥ የሚገላበጠው በእግር ነው። ጫማ ይወልቃል። እግር ከሲሚንቶው ሳይነሣ እንደ ማረሻ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሩዙ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ ቦይ ይሆናል። ጠዋት ቦዩ ከበሩ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ቀትር ላይ ያንን የሚያቋርጥ ሌላ ቦይ ይወጣል። እግር ከተነሣ ያረፈበት ይጎደጉዳል፣ ጎኑ ይቆለላል። የተቆለለው ጥሬ እንደሆነ ይቀራል፤ የሳሳው ይቃጠላል።

«እግር አይነሣም» አሉ አያ ገበያው። «ሌላ ሕግ የለኝም።»

ማረው ወደ ሰገን ዞሮ ሳቀ። «በይ ሰጎን፣ ሥራሽን አገኘሽ።»

ሰጎን የሚላት ስለ ቅልጥሟ ርዝመት ነው። የሳቀው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከቡድኑ ውስጥ እግሯ የማይነሣው የሰገን ብቻ ነው። ትከሻዋን ማረውም አይደርስበትም፤ እስክስታዋን ያየ ሰው ዓይኑን ከአንገቷ አይነቅልም። ከወገብ በታች ግን፣ ማረው ከስልክ ላይ እያየ የሚያስተምረው ፈጣን የእግር ጭፈራ ሲመጣ፣ እግሯ መሬቱን ይዞ ይጎተታል።

ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች። ያደገችው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይለብሳል፤ መንገድና ቦይ፣ እርሻና ጉድጓድ አንድ መልክ ይይዛሉ። እግሩን አንሥቶ የሚረግጥ ሰው የት እንደሚወርድ አያውቅም። ስለዚህ የቁሐር ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ እግሩን ከውኃው ሥር እየጎተተ፣ ጭቃውን በጣቶቹ እየዳሰሰ መሄድ ይማራል። ይህን ለማረው ነግራው አታውቅም። ብትነግረው የሚላትን ታውቃለች።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም። እናቷ «ለአጨዳው ነይ» እያሉ በየሁለት ቀኑ ይልኩባታል። አክስቷ ቤት፣ ወረታ ያስቀመጣት ይህ ቡድን ብቻ ነው። ከዚህም ከወጣች በከተማው ውስጥ የምትሄድበት ቦታ የለም።

ማክሰኞ ዕለት ማረው ጥጉ ላይ ሦስት ጊዜ ሙዚቃውን አስቆመ። ሦስቱንም ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው።

«አይነሣም! እግርሽ አይነሣም! ወለሉ ላይ ሙጫ አለ?»

«ተዋት እንጂ፣ ከላይ ስትጨፍር የታቹን ማን ያየዋል» አለች ይርጋለም። ይርጋለም ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ጣቶቿ ሥራ ሲፈቱ አፏ ይሠራል።

«የደብረ ታቦር ልጆች ያዩታል።» ማረው ላቡን ጠረገ። ከዚያ እሷን ሳይሆን ሲሚንቶውን እያየ ተናገረ። «ሐሙስን አይቼ እወስናለሁ። ሐሙስም ካልተነሣ ቅዳሜ ሦስት ሆነን እንወጣለን።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስጡን አገላበጠች። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ቦይ አውጥተው ሰለቻቸው። አማን ተሳፋሪ መጣብኝ አለ፣ ይርጋለም ሹሩባ ቀጠርኩ አለች፣ ማረው ስልኩን እየነካካ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። እሷ ግን ቦዮቿን ቀጥ አድርጋ አወጣች፤ አያ ገበያውም በአጠገቧ ሲያልፉ «ይኸ ነው እግር» አሏት። ምስጋናው አበሳጫት። እዚህ የሚያስመሰግናት ነገር እዚያ ጥጉ ላይ የሚያስወጣት ነው።

ሐሙስ አያ ገበያው ጆንያ ሊገዙ ይፋግ ወረዱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ አማን ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ሙዚቃውን ሳይዘጋ ሄደ። የቀትሩን ማቋረጫ ቦይ የምታወጣው ሰገን ብቻዋን ሆነች።

አምስት ቦይ አወጣች። ስድስተኛው መካከል ላይ ሙዚቃው ተቀየረ፤ ማረው ሁልጊዜ የሚያስቆመው ያ ክፍል መጣ። ቆመች። ሩዙ በፀሐይ ሞቆ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይዟታል። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ አይታይም። ልክ እንደ ክረምቱ ውኃ ነው፤ ልዩነቱ፣ ከዚህ ሥር ጉድጓድ እንደሌለ ታውቃለች።

ቀኝ እግሯን አነሣች።

ስትረግጥ ሩዙ ተቀበላት። ድምፅ አልነበረውም፤ ሰበር ብሎ ያዛትና ለቀቃት። ግራውን አነሣች። ከዚያ መቁጠሩን ተወችው። በጣቶቿ ወረደች፣ በተረከዟ ዞረች፣ ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ የነበሩበት ጊዜ ነበር። ፍሬው ጉልበቷን እየመታ ይረጫል። ትከሻዋ ሳይጠራ መጣ፤ ላዩና ታቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሆኑ።

ሙዚቃው ሲያበቃ ግማሹ ስጥ ጉድጓድና ክምር ሆኖ ነበር። አየችው። አስተካክለዋለሁ አለች። ቀድማ ግን ያንን ዙር ረስታው እንዳይሆን አንዴ ደገመችው። ከዚያ ሌላ ሙዚቃ መጣ። ስታስተውል ሦስቱ በበሩ እየገቡ ነው፤ ጥላው ዞሯል፤ ማረው «ዘጠኝ ሊሆን ነው፣ ነይ» እያለ ነው።

ሄደች። አሁን እግሬ ሲነሣ ያያል እያለች ሄደች። ጥጉ ላይ ደረቁ ሲሚንቶ ከእግሯ ሥር ሲመጣ፣ የማረውም ዓይን ሲመጣ፣ እግሯ ተጎተተ።

ማረው ሙዚቃውን አላስቆመም። ያ ከማስቆሙ የባሰ ነበር። ሲያልቅ «ይበቃል፣ ሰገን» አለ። በትክክለኛ ስሟ ነው የጠራት።

አያ ገበያው አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጆንያውን በሩ ላይ ጥለው ወደ ስጡ ሄዱና ቆሙ። አቋቋማቸውን አይቶ አማን ራሱ ሙዚቃውን ዘጋው።

አጎንብሰው ከሳሳው ቦታ አንድ ፍሬ አንሥተው ነከሱ፤ ቀጭ አለ። ከተቆለለው ሌላ ነከሱ፤ ድምፅ አልነበረውም። ከሳሳው አንድ እፍኝ በመዳፋቸው አሽተው እፍ አሉበትና እጃቸውን ዘረጉ። ነጩ ፍሬ ለሁለት ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

«ይህ የሰው ዓመት ነው» አሉ። ጮኸው አይደለም። «የማን እግር ነው?»

ስጡ ላይ ተረከዙም፣ አምስቱም ጣት፣ የዞረበትም ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አያ፣ አሻራ ልታስነሡን ነው?» አለች ይርጋለም።

«አንቺን ማን ጠረጠረሽ፤ አንቺ የምትጨፍሪው በምላስሽ።»

ማረው ስጡ ዳር ቁጢጥ አለ። ፈለጉን በጣቱ እየተከተለ ማጉረምረም ጀመረ። «እዚህ ተነሣ... በጣቱ ወረደ... እዚህ ደግሞ...» ቀጣዩን ረገጣ ፈልጎ አጣው፤ ሲያገኘው ከጠበቀው በእጅጉ የራቀ ነበር። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሳይከፍተው መልሶ ከተተው። «ይህን ማን ነው የጨፈረው?»

«ያንተ ነው?» አሉት አያ ገበያው።

«ብሆን ደስ ባለኝ። ይህን እኔ አልችለውም።»

«የዚች ልጅስ?»

«የሰገን?» ቀና እንኳ አላለም። «አይደለም። የሷ እግር አይነሣም።»

ሊከላከልላት ነው ያለው፤ ልቡ ደግ ነው። አያ ገበያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ የሷን ቦይ አውቀዋለሁ። ምናልባት ከውጭ የገባ ሰው ይሆናል።»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም ካለች ጥፋት የለባትም፤ ነገ ደግሞ ቁሐር ሚካኤል፣ አጨዳው ውስጥ ናት፤ ያ እግርም የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ጫማዋን አወለቀች። ሌላ ቦታ ሳትረግጥ ከስጡ ዳር ያለውን የመጨረሻ ጉድጓድ መርጣ ቀኝ እግሯን አስገባችበት። ጣት በጣት ገጠመ።

«የኔ ነው፣ አያ።»

ማረው ቁጢጥ እንዳለ ቀና ብሎ አያት።

አያ ገበያው መዳፋቸው ላይ የቀረውን ፍሬ አራገፉ። «ዛሬ ሰብስባችሁ ሸራ ታለብሱታላችሁ። ነገ ውሎ እርጥቡ ለደረቁ ያካፍላል። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ይሰጣል፤ እስኪደርቅ የምታገላብጪው አንቺ ነሽ። ይህን ካደረግሽ ሲሚንቶው ለጓደኞችሽ ይቀራል። ካላደረግሽ ለማንም።»

«ቅዳሜ?» ማረው ብድግ አለ። «አያ፣ ቅዳሜማ እሷ ካልወጣች...»

«አንተ ዝም በል! አሁን አይደለም እንዴ አይነሣም ያልከው?»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አገላበጠች። ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ተመለሰች፣ አቋረጠች። አምስት ሰዓት ላይ መገንጠያው ላይ የድምፅ ማጉያ ሲሞከር ሰማች፤ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።» ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ። እግሯ ሲሚንቶው ላይ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እዚያ። ቦዩን በሙዚቃው ልክ ላለመግፋት ከንፈሯን ነከሰች። አያ ገበያው በርጩማቸው ላይ ሆነው እግሯን ብቻ ያያሉ።

ስድስት ተኩል ላይ ባጃጇ በሩን ጥሳ ልትገባ ደረሰች። ሦስቱ ወረዱ። ማረው ለዛሬ ብሎ ያስቀመጠውን ነጭ ጫማ አድርጓል።

«ስንት ቦይ ቀረሽ?» አላት።

«ቦይ አያልቅም። የሚያልቀው ሲደርቅ ነው።»

ግድግዳው ሥር ሄዶ ጫማውን ፈታ፤ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። ሱሪውን ጠቀለለ። «ለሦስት አሰብኩት፣ አልሆነም» አለ፣ ከአጠገቧ እየቆመ። «ያንን ዙር ደግሞ ከስጡ ላይ ሰብስበሽዋል። ያለው አንቺ እግር ላይ ብቻ ነው።»

አራት ሆነው ተሰለፉ። ስጡ ቶሎ እንዲደርቅ ሳያርፍ መገላበጥ ጀመረ፤ አራት ቦይ ሲሄድ አራት ሲመለስ። ሦስት እርምጃ ሳይሞላው የማረው እግር ከልማዱ ብድግ አለና ጉድጓድ ሠራ።

«ማረው!» አለች ሰገን። «እግርህ ይነሣል!»

ይርጋለም ሆዷን ይዛ ስጡ ላይ ልትወድቅ ነበር። አያ ገበያው እንኳ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ጎትተው» አለችው ሰገን። «ከሥሩ ውኃ አለ በለው። የምትረግጠው አይታይህም።»

ሞከረ። ጎተተው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ዞሮ ወደ ኋላ ቦዩን አየና ሌላ ጀመረ።

ሰባት ሰዓት ላይ አያ ገበያው ፍሬ ነከሱ። «ገና።» ሰባት ተኩል ላይ ነከሱ። «ገና።» የባሕር ዳር ልጆች ስም ሲጠራ ተሰማ፣ ሕዝቡ ጮኸ። አማን በየዙሩ የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዳስሳል። የደብረ ታቦር ተጠራ። ቦዮቹ ፈጠኑ።

«መገንጠያ!» አለ የድምፅ ማጉያው። «መገንጠያ የታል? ባለ አገሮቹ የታሉ?»

አያ ገበያው ከአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ፍሬ ለቀሙ። አንዱን ነከሱ። ሁለተኛውን ነከሱ። ሦስተኛውን። አራተኛውን ሲነክሱ አራቱም ልጆች እግራቸው ስጡ ውስጥ እንዳለ ቆመው ነበር። ሽማግሌው ቀስ ብለው አኘኩት፣ ዋጡት፣ በአገጫቸው በሩን አሳዩ።

ባጃጇ ሳትነሣ ሰገን በሩን አልፋ ነበር። ቅርፊት በጣቶቿ መካከል ተሰክቶ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ በአስፋልቱ ዳር እየሮጠች ነው። ማረው ከባጃጇ ላይ ዘሎ ከኋላዋ ተከተላት።

«አንተ ልጅ!» አሉ አያ ገበያው ከበሩ ላይ። «ጫማህን! ጫማህን ረሳኸው!»

ማረው ሰምቷል። አልተመለሰም።