ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ

እኔ ምስጋናው ጆንያ ጠጋኝ ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ወርሻ የሚሏቸው የብረት መሥሪያ ቤቶች ባሉበት ሰፈር፣ በሁለት ብረት ሠሪዎች መሐል ተቀምጬ የሰሊጥ ጆንያ እሰፋለሁ። በቀኜ ፍረዝጊ አለ፣ በግራዬ አኑዋር። የሚለየን ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይሰማል፤ «ይማርህ» የምለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ፍረዝጊ የሁመራ ሰው ነው። እዚያ የእርሻ ትራክተር ሲጠግን ኖሮ በጦርነቱ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ገባ። ከካምፑም ባለቤቱን ወርቂንና አንዲት የመሣሪያ ሣጥን ይዞ ወደዚህ መጣ። የሣጥኗ ዋና ሀብት ጥርስ ማውጫዎቹ ናቸው። ለማያውቅ ልንገር፤ ብረት በስተህ ቡሎን ላስገባበት ብትል፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ ካልወጣለት ቡሎኑ አይይዝም። ያን ጥርስ የሚያወጣው ራሱ ቡሎን የሚመስል፣ ጎን ጎኑ የተፈለፈለ ጠንካራ ብረት ነው። ፍረዝጊ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ግማሽ ዙር ወደፊት ያዞረዋል፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ይመልሰዋል፤ ሲመልሰው ፍቅፋቂው ቀጭ ብሎ ይሰበርና መንገዱ ይጸዳል። ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ነገሩ ከሥራም አልፏል፤ ሻዩን ሲያማስል እንኳ ማንኪያዋን እንደዚያ ነው የሚያዞራት። ወርቂማ «ሲጸልይም ያው ነው፤ ትንሽ ይለምንና ትንሽ ይመልሳል» ትላለች።

አኑዋር የመጣው አምና ነው። የመተማ ተወላጅ ነው። ካርቱም አሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ከተማዋ ስትታመስ የቁም መሰርሰሪያውን በሎሪ ጭኖ እዚህ ደረሰ። ማሽኑ ላይ የሚሰካው ጥርስ ማውጫ የፍረዝጊን አይመስልም፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። አኑዋር ቁልፉን ይጫናል፣ ማሽኑ ዝዝዝ እያለ ይወርዳል፣ ፍቅፋቂው እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥርስ ማውጫው ታች ሲደርስ ማሽኑ በራሱ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ቀዳዳ አለቀ። እኔ መርፌዬ ውስጥ ክር ሳላስገባ።

ፍረዝጊ መጀመሪያ ሳቀበት። «ይሄ ሥራ አይደለም፣ ክትባት ነው» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ፤ መቁጠር ጀመረ። ሥራውን ያቆምና ጆሮውን ወደ እኔ ቆርቆሮ ያዘነብላል።

«ስንተኛው ነው?» ይለኛል።

«የምኑ?»

«አትቀልድ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት አወጣ?»

«እኔ ጆንያ ነው የምቆጥረው።»

«ሃያ ስድስት» ይላል ከንፈሩን ነክሶ።

መብራት ሲጠፋ ግን እሱን ማየት ነበር። መብራቱ ደግሞ ለመጥፋት ሰንፎ አያውቅም። የአኑዋር ማሽን ዝም ሲል ፍረዝጊ ማፏጨት ይጀምራል። በሩ ላይ ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታ ያድላል፤ በሌላ ቀን ቀና ብሎ ለማያያቸው ሰዎች ሳይቀር። አንድ ቀን አኑዋርም በሩ ላይ ቆሞ፣ እዚህ የእጅ ባለሙያ እንደሚጠራው፣ «ኡስታ ፍረዝጊ፣ እርስዎ ታድለዋል፤ መብራት አይጠብቁም» ቢለው፣ ገብቶ ለወርቂ ምን አላት መሰላችሁ? «ሰማሽው? አንቱ እያለ ሊያስረጀኝ ነው።»

ወርቂም አታግዘውም። ምሳ ይዛ ስትመጣ ወደ ግራ አየት ታደርግና «የዚያ ሰውዬ ሸሚዝ ግን እንዴት ነው ዘይት የማይነካው?» ትላለች። የባሏን ልብስ የምታጥበው እሷ ናትና ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። ፍረዝጊ በማግሥቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ነጭ ነበር።

እንዲህ እያልን ሰሊጥ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው ሐጂ ሙሐመድኑር መጡ። ሐጂ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ አላቸው። ፍረዝጊ ከካምፕ ወጥቶ ሰው ሳያውቀው የመጀመሪያውን ሥራ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ «የሐጂ ሙሐመድኑር ኡስታ» መባል ለእሱ እንደ ማዕረግ ነው። ወፍራም የብረት ክዳን በሪክሻ አስጭነው አመጡ። የመጭመቂያው ክዳን ነው፤ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶበታል። ቀዳዳዎቹ ከታች የተደፈኑ ናቸው፣ ወዲያ ማዶ አይወጡም። የሚቀረው ጥርስ ብቻ ነው።

«ለኀሙስ ይድረስልኝ» አሉት። «ሌላ አንድ ደግሞ ይከተለዋል።» ከዚያ ክፋት ሳያስቡ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «አኑዋር በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ያንተን እጅ አውቃለሁ ብዬ ወዳንተ አመጣሁት» አሉ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ፍረዝጊ በእጁ ቢጀምር ረቡዕ ሳይመሽ ይጨርሳል። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሐጂም ያውቃሉ፣ ብረት የማላውቀው እኔም አውቃለሁ። የሚያስቸኩል ምንም ነገር የለም። ግን «በአንድ ከሰዓት» የምትለዋ ነገር እንደ እሾህ ገብታበት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ሳይከፍት ገበያ ወጣ። ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ አወጣ። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ።

«ክትባት ጀመርክ እንዴ?» አልኩት።

«ዝም በል። ይልቅ ና አጠገቤ ቁም።»

እሱም አንዲት አሮጌ የቁም መሰርሰሪያ አለችው። ወደፊትም ወደኋላም ትዞራለች፤ እስከዚያ ቀን ግን ከመብሳት በቀር ሌላ ሥራ ሰጥቷት አያውቅም። የተጠማዘዘውን ጥርስ ማውጫ ሰካባት፣ ዘይት አንጠባጠበና ለቀቃት። እውነቱን ለመናገር አማረበት። አንደኛው ቀዳዳ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። በሦስተኛው ልቡ ሞላና ፊቱን ወደ እኔ ቆርቆሮ አዙሮ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ያለው እንዲሰማለት፣ «ሦስት» ብሎ ጮኸ።

አራተኛው ላይ ማሽኗ ትንሽ ከበዳት፤ ድምፅዋ ወፈረ። ያኔ ፍረዝጊ ምንም አላሰበም። እኔ እጁን አየሁት። እጁ ራሱ ሄዶ ማዞሪያውን ወደኋላ አለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያዳነው ሩብ ዙር። ቀጭ አለ። ይሄ ግን የፍቅፋቂ ቀጭታ አልነበረም።

ጥርስ ማውጫው ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። በጣት የሚያዝ ጫፍ እንኳ የለውም። በስተህ አታወጣውም፣ ከመብሻው ይልቅ እሱ ይጠነክራል። ክዳኑ ደግሞ ከፖርት ሱዳን የመጣ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ እስኪመጣ የሐጂ ሰሊጥ ሳይጨመቅ ወቅቱ ያልፋል። ፍረዝጊ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሐጂን ምን እላቸዋለሁ?»

«የሚያወጣው ሰው የለም?»

ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «አንተ ሂድ» አለኝ። «የአንድ የሾዋክ ከተማ ሰው ዕቃ ነው በለው።»

ሄድኩ። አኑዋር ማሽኑን አጥፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«አንድ የሾዋክ ሰው ነበር...»

«አራተኛው ላይ ነው አይደል?» አለኝ። «ሦስት ሲሉ ሰምቻለሁ። አራት አላሉም።»

አልሳቀም። የብየዳ ዕቃውን ተሸክሞ ተከተለኝ። ፍረዝጊ ብየዳ የለውም። አኑዋር ከክዳኑ ፊት ተንበረከከና የተሰበረው ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ብረት አሳደገበት። የቀዳዳውን ግድግዳ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካም። ያደገው ላይ ዳዶ በየደና ቁጭ ብሎ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ቁልፍ አስገብቶ ወዲያ በጣም ትንሽ፣ ወዲህ በጣም ትንሽ፣ እንደ ወተት ጥርስ እያነቃነቀ አወጣው። ነጩ ሸሚዙ ላይ፣ ወርቂ ትሙት፣ አንዲት ነጥብ አልነበረም።

«ይሄኛው እኮ ኡስታ፣ ፍቅፋቂውን እየጎተተ ነው ወደ ላይ የሚያወጣው» አለ። «መሐል ላይ ወደኋላ ከመለሱት ፍቅፋቂው ጥርሱ ሥር ይወሸቃል። ኸላስ፣ አለቀለት፣ ይሰብረዋል። ሥራው የእጅን ተቃራኒ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ፍረዝጊ። አያውቅም ነበር።

አኑዋር ሲሄድ ፍረዝጊ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የወጣውን ስባሪ መዳፉ ላይ አድርጎ እያየ ፈዘዘ።

«ምን ሆንክ? ወጣልህ እኮ።»

«እጁን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ማሽን ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ። «ማሽን ባለው ሰው ላይ መሳቅ ይቻላል። ለካ እጅም አለው።» ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ወርቂ ሳህኑን እንደመጣ ይዛው ተመለሰች።

የቀሩትን ቀዳዳዎች በለመደው መንገድ፣ በእጁ፣ ግማሽ ወደፊት ሩብ ወደኋላ እያለ ረቡዕ ጨረሰ። ኀሙስ ሐጂ መጡ። ጣታቸውን በየቀዳዳው አፍ ላይ እያዞሩ ቆጠሩና አራተኛው ላይ ቆሙ። የብየዳው ወላፈን ዙሪያውን ሰማያዊ አድርጎት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እኔ ለእሱ የምትሆን ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ውሸት ነበረች። ፍረዝጊ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ።

«ጥርስ ማውጫ ሰበርኩበት» አለ። «አኑዋር ነው ያወጣልኝ።»

የአኑዋርን ስም ሲጠራ ያየው ሰው ጥርሱን ሲያስነቅል ነው የሚመስለው። ሐጂ ትንሽ አሰቡና «ደህና፣ እውነቱን ነገርከኝ» አሉ። ዕቃቸውን አስጭነው ሄዱ። ሁለተኛውን ክዳን ግን ለአኑዋር ሰጡት።

ቅዳሜ አኑዋር ያን ክዳን ማሽኑ ላይ ሲያስር ፍረዝጊ እኔ ዘንድ መጣና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ላግዝህ ብዬ ነው» አለ።

ይሄ ሰው በዕድሜው የሸሚዙን ቁልፍ ተክሎ አያውቅም። መርፌ ሰጠሁት። በግራ በኩል ማሽኑ ተነሳ። ፍረዝጊ መርፌውን አንዴ ያስገባል፣ ሁለቴ ያዳምጣል። ወርቂ ምሳ ይዛ ወርሻው ውስጥ ብታጣው እኔ ዘንድ መጣች።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምስጋናውን እያገዝኩ ነው።»

ጆንያውን አየችው፤ አፉን ሰፍቶታል። አጠገቡ ተቀመጠች።

ስድስት ቀዳዳ ያለ ችግር ሄደ። ሰባተኛው ላይ ሲጥታ መጣ። ቀጭን፣ ደረቅ ሲጥታ። ለእኔ ከሌላው ድምፅ ብዙም አይለይም፤ የፍረዝጊ አንገት ግን ቀጥ አለ።

«ዘይቱ ደርቆበታል» አለ ለራሱ። «ማሽኑ ሥር ሆኖ አይሰማውም።»

«ይሰበር ይሆን?»

«በዚህ አያያዙ? ስምንተኛውን አይጨርስም።»

ከዚያ ወደ ጆንያው አጎነበሰ። ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ ኡስታ መሆን አያስፈልግም። ከተሰበረበት ሐጂ ሙሐመድኑር «የፍረዝጊ እጅ ይሻላል» ይላሉ፤ ሥራው በእኔ ደጅ አልፎ ወደ ቀኝ ይመለሳል። እሱ መዋሸት የለበት፣ ማበላሸት የለበት። እዚህ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መስፋት ብቻ ነው። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ «ዝም ብለህ ስፋ» አልኩት።

ሰባተኛው አለቀ። ስምንተኛው ጀመረ፤ ሲጥታው ባሰ። መርፌው ፍረዝጊ እጅ ውስጥ ቆመ። ወርቂ ስለ ጥርስ ማውጫ የምታውቀው ነገር የለም፤ የባሏን ፊት ግን ታውቃለች።

ተነስቶ ቆርቆሮዬን በቡጢ መታው። የተሰቀለው ክር ሁሉ ረገፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘይት» አለ።

ማሽኑ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ «ኡስታ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ደርቆብሃል። ዘይት ጨምርበት። የሰሊጥ አድርግ፣ ያ ብረት ሌላውን አይወድም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም ኡስታ።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ለስልሶ፣ እንደ ንብ እያዜመ። ፍረዝጊ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ደግ የሠራ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተዘረፈ ሰው ፊት ነበር።

«ጥሩ አድርጎ ይጨርሰዋል አሁን» አለኝ፣ የከሰስኩት ይመስል።

«ታዲያ ለምን ነገርከው?» አለችው ወርቂ፣ የምሳውን ሳህን እየከፈተች።

«ጆሮዬን አመመኝ» አላትና በላ።