አልቆርብም ያለው ባሌ

የኔ ሰውዬ ግትር ነው። ደምሴ ይባላል፤ ሸዋሮቢት ዳር ሽንኩርት እያለማን አብረን አረጀን። ከመሞቴ በፊት የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእሱ ጋር መቁረብ። ባለትዳር ነኝና ብቻዬን አልቆርብም። እሱ ደግሞ በጠየቅሁት ቁጥር «መጀመሪያ ልጽዳ» ይለኛል።

«አንተ ሰው፣ ወንዝ የሚወረደው ታጥቦ ነው እንዴ?» ስለው ዶማውን አንስቶ ውልቅ ይላል። የሚሄደውም የጎረቤታችንን የሸሪፍን ቦይ ሊጠርግ ነው። የራሳችን ቦይ ግን በደለል ታፍኗል፤ ማን ያየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉብዝናው ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ የሸሪፍን የውሃ ተራ ሰርቆ ወደ እኛ ማሳ መለሰው። የሸሪፍ ሽንኩርት ደረቀ፤ ሰውዬው በሬውን ሸጦ ልጆቹን አበላ። ደምሴ ለእኔና ለንስሐ አባቱ እንጂ ለሸሪፍ ትንፍሽ አላለም። አባ «ሂድና ታረቅ፣ ከዚያ ና» ቢሉት፣ አፉ እምቢ ብሎት በጉልበቱ ሊከፍል ቦይ ጠራጊ ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል አለኝ። ቤት ገብቼ «ቀብረኸኝ ነው የምትጸዳው?» ብዬ አለቀስኩበት። ያን ቀን ዶማውን ትቶ ባዶ እጁን ወደ ሸሪፍ ማሳ ተከተለኝ።

ሸሪፍ ማሾ እየለቀመ ነበር። ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተናገረ።

«አውቃለሁ እኮ» አለው ሸሪፍ፣ ወገቡን እንኳ ሳያቀና። «ያኔ ቦዬን የደፈነው አፈር በግራ እጅ የተቆፈረ ነበር። እዚህ አገር ካንተ ሌላ ግራኝ ማን አለ? ያኔውኑ አውፍ ብዬሃለሁ፣ ለአላህ ብዬ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ቦይህን ስጠርግ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ካሳ መሆኑን በምን አውቄ? ወደኸኝ መስሎኝ።»

ደምሴ ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሸሪፍም አጠገቡ ተቀምጦ «ኧረ ተው አንተ» እያለ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሁለቱንም እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

እሑድ፣ አባ ፈቅደውልን፣ ቅዳሴ አስቀደስን። ተራችን ሲደርስ የኔ ሰውዬ ወደ ኋላ አለ።

«በላይነሽ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሸሪፍ ይቅር ቢለኝም እኮ፣ ይሄ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም።»

«ለሚገባው ብቻ ቢሆን ማን ይቆርብ ነበር? እኔስ የሚገባኝ መስሎህ ነው? ይቅር ብሎሃል፤ እመነው።»

«ምንም ሳልከፍል?»

«ምንም። ዝም ብለህ አፍህን ክፈት።»

ከፈተ።