የሀጀራ ቆርቆሮ

«አንድ ጭብጥ ድገም። ቢስሚላህ በል» አሉ እማማ ሀጀራ።

ጃፈር መዳፉን እንደ ሕፃን ዘረጋ። እናቱ ከሞያሌ ይዘውለት የመጡት ቡና ቀላ፣ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ፣ ከቆርቆሮው ተዝቆ ለሦስተኛ ጊዜ አፉ ገባ። ሚስቱ ሙርሺዳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታያለች። የሠራችለት ገንፎ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

እማማ ሀጀራ ልጃቸው ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሳውዝ ሲ፣ ከገቡ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ባሏ የሚስቱን እጅ ረሳ። «ይሄ ነው ያሳደገኝ» ይላል እያኘከ። አራት ዓመት ሙሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳች ስንቁን የቋጠረችለት፣ ላቡን ያጠበችለት እሷስ ምን ልትባል ነው?

ዛሬ ካሳራኒ ስታዲየም አንደኛ የወጣ ጣሊያን ሄዶ ይሮጣል። እንግሊዝኛ ስለምታነብ አሠልጣኙ በፋክስ የመጣውን ደንብ የሰጠው ለሷ ነበር። የአሸናፊው ሽንት ይመረመራል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከልክ ካለፈ ድሉ ይሰረዛል። ለባሏም ለአማቷም ተርጉማ ነግራቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ጃፈር አንድ ስኒ ቡና አልቀመሰም። ይሄ ግን ለእናትም ለልጅም ምግብ እንጂ ቡና አይመስላቸውም። ያው ቡና እንደሆነ ሙርሺዳ ከመጀመሪያው ጭብጥ ጀምሮ አስባለች።

«ጃፈር...» አለች።

እማማ ሀጀራ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ የልጃቸውን ግንባር እየቀቡ ይመርቁ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። ለሷ እንዲህ ጨፍኖላት አያውቅም።

«ምነው?» አላት ጃፈር።

«ቶሎ በል፤ ማታቱው ሰው ሞልቶ ይሄዳል።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቢነቅዝም ግድ አልነበራትም፤ የፈለገችው ያ ቆርቆሮ አንዴ እንዲዋረድላት ነው።

ጃፈር አሸነፈ። የመጨረሻውን ዙር ብቻውን ሮጠው። ሙርሺዳም ራሷን ረስታ ጮኸች። ከዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ወደ ባሏ ሲራመድ አየችና የአማቷን ክንድ ያዘች።

«ልጄን ወዴት ነው የሚወስዱት?» አሉ እማማ ሀጀራ።

«ሊመረምሩት ነው።»

«ይመርምሩት፤ ምን አለበት!» ብለው ሳቁ። ከጉያቸው ትንሽ ቋጠሮ አውጥተው ፈቱና ቡና ቀላውን እጇ ላይ አፈሰሱት። «ያንቺ ድርሻ ነው። እሱ እንደሆነ አይጠግብም፤ እንዳይጨርስብሽ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ ደብቄልሻለሁ። ብዪ፣ ልጄ።»

ከሜዳው ማዶ ጃፈር የምርመራው ክፍል በር ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበላቸው። ለማንኛቸው እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

ቅቤው በጣቶቿ መሃል መቅለጥ ጀምሯል። እማማ ሀጀራ እስክትቀምስ ድረስ ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር።