የዓርቡ ጭልፋ

ሰብሌ ለፈረንጆቹ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ ያወጣችበትን ጭልፋ ሳታስበው የጾሙ ሽሮ ውስጥ ነከረችው። ዓርብ ነው፤ በሆቴሉ አዳራሽ ቀሳውስቱ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ያየ ሰው የለም። ዝም ብትልስ? የቀድሞው አለቃ ቢሆን ከነሽርጧ ያባርራት ነበር፤ አዲሱን፣ ጋሼ ደሳለን፣ ገና አታውቃቸውም።

«ጋሼ፣ ሽሮው... ቅቤ ነክቶታል።»

ጋሼ ደሳለ ሽሮውን ከምድጃው አውርደው ወደ አዳራሹ ወጡ። «አባቶቼ፣ ማዕዱ ይዘገያል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ ሰማቻቸው። ተመልሰው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ።

«እንኳን ነገርሽኝ።»

ሌላው ወጥ ሠሪ ምሥጋናው ፊቱ አመድ መስሎ ቀረበ። «ጋሼ፣ ባለፈው ረቡዕ እኔም...»

ቢላዋው ቀጥ አለ።

ጋሼ ደሳለ አንድ ሽንኩርት አቀበሉት።

«እየላጥክ ንገረኝ።»