በጊታሩ ትከሻ ላይ የነበሩት ነጥቦች

ልጅቱ ዜማውን ጨርሳ ቀና ስትል፣ እናትየው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ እጆቿን አጣብቃ ተቀምጣ ነበር። አዳራሹ ባዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ይሞላል፤ ሠላሳ ዓመት ሙዚቃ ያስተማረው ባሏ ካረፈ ዓመት ሆኖታልና ትምህርት ቤቱ መታሰቢያ አዘጋጅቶለታል። ሴት ልጁ በእሱ ጊታር የእሱን ዜማ ልትጫወት ነው። እናትየው ከዚህ ሁሉ ዝግጅት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ እንደገና መስማት።

ከስፒከሩ የወጣው ግን የእሱ አልነበረም። ቆርቆሮ ላይ የተወጠረ ላስቲክ ሲነኩት የሚያሰማው ዓይነት፣ ደረቅና በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ የኔ እናት።»

«ፊትሽ እንደዚያ አይልም።»

ከመድረኩ ጎን፣ ድምፅ ከሚያቀላቅለው ሚክሰር ኋላ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ሳቀ። ቅጥነቱን አይተው ሽቦ ይሉታል፤ ራሱም ስልክ ሲያነሳ «ሽቦ ነኝ» ነው የሚለው። በልጅነቱ የባሏ ተማሪ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሯት እንጂ። ዳክዬ ነው የሚመስለው።»

ወጥቶ ጊታሩን ተቀበላት። የእንጨት ጊታር ነው፤ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት ሥር ግን ንዝረታቸውን እየለቀመች ወደ ስፒከር የምትልክ ቀጭን መሣሪያ ተቀብራለች። ትከሻው ላይ ደግሞ ወፍራሙን፣ መሃለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሦስት ተንሸራታች ቁልፎች አሉት።

«ይህቺ የተቀበረችው የምትሰማው የክሩን ንዝረት ብቻ ነው» አለ። «እንጨቱ የሚተነፍሰውን አትሰማም። ካልገሯት እንዲህ ትንጫጫለች። መምህሬ መላዋን ያውቁ ነበር። ቁልፎቹ የሚቆሙበትን ቦታ በቀይ ነጥብ ምልክት አድርገውበት ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።» ጊታሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። «የታሉ ታዲያ?»

እናትየው ክው አለች።

ትናንት ጠዋት ነው። ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ጊታር ከሣጥኑ አውጥታ ወለወለችው። ቁልፎቹ አጠገብ ሦስት ቀያይ ጠብታዎች አየች። የራሷ የጥፍር ቀለም መሆኑን አወቀች፤ ምን ሊሠራ እዚያ እንደሄደ ግን አልገባትም። የተንጠባጠበ መሰላት። በማስለቀቂያ እያሸች አጠፋችው፤ በሥራዋም ደስ ብሏት ዋለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» አለች።

«ምን?» ልጅቱ ዞረች።

«ቆሻሻ መሰለኛ። ለክብሩ ብዬ ነው ያጸዳሁት» አለች እናትየው። «ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ ጀምሬያለሁ እኮ፤ ቀስ ብዬ አነበው ነበር። ነጥብ ሆነብኝ።»

ሽቦ ጊታሩን ለልጅቱ መልሶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፤ ጠቅልሎም መልሶ ፈታው።

«ቆይ ግን» አለ በመጨረሻ፣ «እሳቸውስ ቦታውን እንዴት አገኙት? ስፒከሩ የሚጮኸው ወደ ሰው ነው። የሚጫወተው ሰው ከታች ምን እንደሚሰማ አያውቅም። የሆነ ሰው ነግሯቸዋል።»

«እኔ ነኛ» አለች እናትየው፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው። «በሩ ጋ አቁሞኝ ‹ቤት እንደምትሰሚው ሲሆን ንገሪኝ› ይለኝ ነበር። እግሬ እስኪዝል ድረስ። ምሳዬ ሊያርብኝ ነው እያልኩ እነዘንዘው ነበር።»

ሽቦ ልጅቱን አያት። «እትዬ፣ እንግዲያው ምን ይጠብቃሉ? በሩ ጋ ይሂዱልን።»

ሄዳ ቆመች። ልጅቱ ተጫወተች፤ ሽቦ አጠገቧ ተንበርክኮ ቁልፎቹን ያንሸራትታል።

«መሃሉን ቀንሰው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የሚመስለው… አሁን ደግሞ ሆዱ ተነፋ። ወፍራሙን አጉድል… ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፤ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ።»

አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ዳክዬው ጠፋ። እሱ ግን አልመጣም።

«አሁንም አይደለም» አለች። «የእሱ አመታቱ ጠንከር ያለ ነበር። ይኼ ይለሰልሳል።»

ልጅቱ ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «እማዬ፣ እሱ በጥፍሩ ነበር የሚመታው። እኔ በጣቴ ሥጋ ነው። ቁልፍ ጥፍር አያበቅልልኝም።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«ነው እንጂ።» አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

ሽቦ ገመዱን ከጊታሩ ነቀለ። «ይምጡ እስቲ እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ። ያለ ስፒከር እንስማት። ጊታሩ በዚህች ልጅ እጅ ምን እንደሚል ሳናውቅ ምኑን ነው የምናስተካክለው?»

እናትየው ከልጇ ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ልጅቱ ቤት የምትለማመደው በራሷ ትንሽ ጊታር፣ በሯን ዘግታ ነው፤ እናትየውም ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ጆሮዋ የሚይዘው ልጅቱ ከአባቷ አጨዋወት የጎደላትን ብቻ ነበር። አሁን በመካከላቸው በር የለም። ዜማው ያው ነው፤ ግን ቀስ ይላል፣ ሰው እንዳይነቃ ብሎ እንደሚራመድ። አባቷ የሚቸኩልበት ቦታ ላይ ልጅቱ ትቆማለች። እንጨቱ የሚያወጣው ትንፋሽ እናትየው ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ይህን አጨዋወት ከማንም አልተማረችውም።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሰካው» አለችው ሽቦን።

በሩ ጋ ተመልሳ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ ንግግሯ አጭር ነበር። «ቀጭኑን መልስላት፤ ለእሷ አይበዛባትም። ወፍራሙን ተወው።» ሽቦ ማይክ አምጥቶ ከጊታሩ ትንሽ ራቅ አድርጎ አቆመ፤ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ እየለቀመ እንዳያፏጭም ስፒከሩን ወደ ፊት ገፋው። የማይኩን ድምፅ አጥንቱ ሥር ከተቀበረችው መሣሪያ ድምፅ ጋር ቀስ እያለ ሲቀላቅለው፣ የእንጨቱ ትንፋሽ ከስፒከሩ ወጥቶ በሩ ድረስ መጣ።

«እዚያ ላይ ተወው» አለች። «ይኼ የእሷ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የባሏ ታናሽ እህት አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ ስትጀምር፣ እህትየዋ ወደ እናትየው ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜን መሰለችኝ» አለች።

«አልመሰለችም» አለች እናትየው በቀስታ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል። «ዝም ብለሽ ስሚያት።»